የዓይን ብርሃን በኪስ ልክ አይታደልም



በዚህ የምርጫ ጽሑፋችን ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ መኖሪያ ቤት፣ ስለ ሥራ አጥነትና ስለ ፍትሕ በየምዕራፉ አቋማችንን አስቀምጠናል። በዚህ ርዕሰ አንቀጽ ግን አንድ ትንሽ የምትመስል ጉዳይ ብቻ ይዘን ልንነጋገር መርጠናል። ጉዳዩ ዓይን ውስጥ የሚሰጥ መርፌ ነው። «በዚህ ሁሉ ችግር መካከል ስለ መርፌ ማውራት ምን ይባላል?» የሚል ጥያቄ ሊነሳ እንደሚችል እናውቃለን። መልሳችን አጭር ነው። የአንድ ሀገር የጤና ሥርዓት ጤነኛ መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው በሪባን ቆረጣና በሕንፃ ብዛት አይደለም። የሚታወቀው አንድ ተራ ዜጋ ውድ ሕክምና ባስፈለገው ቀን ማን አብሮት እንደሚቆም ሲታይ ነው።

አንዲት ጡረተኛ መምህርት በዓይነ ሕሊናችሁ ተመልከቱ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጠመኔ ይዘው የሰው ልጅ ፊደል ሲያስቆጥሩ ኖረዋል። የስኳር በሽታ ካገኛቸው ከዐሥር ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ከጥቂት ወራት ወዲህ የሚያነቡት መስመር ይጎብጥባቸው፣ የሰው ፊት መካከሉ ይደበዝዝባቸው ጀመር። መነጽር መስሏቸው መነጽር ለወጡ፤ አልተሻላቸውም። ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ወደ ሌላ ሆስፒታል በሪፈር ወረቀት ተላልፈው ወራት ከፈጀ ቀጠሮ በኋላ ከዓይን መረብ ስፔሻሊስት ፊት ደረሱ። ሐኪሙም መርምሮ «እማማ፣ ስኳሩ ዓይንዎ ውስጥ ያሉትን ደቃቅ የደም ሥሮች አፍስሷል፤ መርፌ ያስፈልግዎታል፤ መድኃኒቱ እዚህ የለም፤ ከውጭ ገዝተው ይምጡ» አላቸው። «ስንት ጊዜ ነው ልጄ?» ሲሉ ጠየቁ። «መጀመሪያ በየወሩ፣ ከዚያ በኋላ እያየን እናራርቀዋለን» የሚል መልስ ተሰጣቸው።

የመጀመሪያውን መርፌ በቆጠቧት ገንዘብ ተወጉ። ሁለተኛውን ልጃቸው ከእቁቡ ተበድሮ ከፈለ። የሦስተኛው ቀጠሮ ቀን ግን ሳይሄዱ ቀሩ። ለልጃቸውም «ተሽሎኛል» አሉት። አልተሻላቸውም ነበር።

የእኒህን እናት ስም አንጠቅስም፤ አንዲት ሴት አይደሉምና። በየሰፈራችን፣ በየደጀ ሰላሙና በየመስጊዱ በር፣ በየቤታችንም አሉ። አንባቢ ሆይ፣ አንተም አንቺም ታውቋቸዋላችሁ።

መርፌው ምንድን ነው? ለምንስ ተወደደ?

መራጩ ሕዝብ በምርጫ ወቅት በባዶ መፈክር እንዲሞላ አንፈልግም። በመሆኑም ነገሩን ከሥሩ እናስረዳ።

የስኳር በሽታ ለረዥም ጊዜ ሲቆይ በዓይን መረብ ላይ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ይደክማሉ፤ ፈሳሽም ያፈስሳሉ። የምናነብበትና ሰው የምንለይበት የመረቡ ማዕከል ያብጣል። በእርጅና ምክንያት በሚመጣ የመረብ በሽታም እንዲሁ አላስፈላጊና ደካማ የደም ሥሮች በቅለው ይደማሉ። ለዚህ ሁሉ ዋነኛው ገፊ ሰውነት ራሱ የሚያመነጨው የደም ሥርን የሚያበቅልና የሚያፈስስ ንጥረ ነገር ነው። መርፌው ይህን ንጥረ ነገር ያግዳል። ዓይን ከደነዘዘ በኋላ በቀጭን መርፌ የሚሰጥ ሲሆን ሥራው ራሱ ከጥቂት ደቂቃ አይበልጥም። ሆኖም የመድኃኒቱ ኃይል በሳምንታት ውስጥ ስለሚያልቅ ሕክምናው ተደጋጋሚ ነው። በስኳር ምክንያት ለሚመጣው እብጠት በአንደኛው ዓመት ብቻ በአንድ ዓይን ዘጠኝ ወይም ዐሥር መርፌ ሊያስፈልግ እንደሚችል በአሜሪካ የተካሄደና ውጤቱ በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ትልቅ ጥናት አሳይቷል። በሁለተኛው ዓመት ቁጥሩ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ሁለቱም ዓይን ከታመመ ወጪው እጥፍ ነው። እንግዲህ ይህ አንድ ጊዜ ተለምኖ፣ አንድ ጊዜ ተዋጥቶ የሚያልፍ ወጪ አይደለም። መታገዝም ካለበት በሥርዓት እንጂ በአጋጣሚ ሊታገዝ አይችልም።

አሁን ወደ ዋጋው እንምጣ። በዓለም ላይ ለዚህ አገልግሎት በስፋት ከሚታወቁት መድኃኒቶች ሦስቱን እንውሰድ። ራኒቢዙማብ (ሉሴንቲስ) በአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2006፣ አፍሊበርሴፕት (አይሊያ) ደግሞ በ2011 እ.ኤ.አ. ለዓይን ተፈቀዱ። በአሜሪካ ገበያ የእያንዳንዳቸው ዋጋ ለአንድ መርፌ ወደ 2,000 ዶላር ይጠጋ ነበር። ሦስተኛው ቤቫሲዙማብ (አቫስቲን) ይባላል። ይህ በ2004 እ.ኤ.አ. ለአንጀት ካንሰር የተፈቀደ መድኃኒት ሲሆን፣ የዓይን ሐኪሞች በራሳቸው ሙያዊ ውሳኔ ለዓይን ቢጠቀሙበት ሠራላቸው። ለዓይን የሚበቃው መጠን በዚያው በአሜሪካ በ50 ዶላር ገደማ ይገኝ ነበር። በአንድ ሀገር፣ ለአንድ ዓይነት በሽታ፣ የዋጋው ልዩነት አርባ እጥፍ ያህል ነበር ማለት ነው።

«ርካሹ የድሃ መድኃኒት ነው፤ ውዱ የሀብታም» የሚል ሊኖር ይችላል። ሳይንሱ ግን እንዲያ አላለም። በአሜሪካ መንግሥት ገንዘብ ወደ 1,200 በሚጠጉ የዕድሜ መረብ በሽታ ታካሚዎች ላይ ተካሂዶ በ2011 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው የንጽጽር ጥናት ቤቫሲዙማብና ራኒቢዙማብ እይታን በመጠበቅ ረገድ እኩል መሆናቸውን አሳየ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2013 እ.ኤ.አ. ቤቫሲዙማብን ለዓይን ሕክምና በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገባ። እውነቱን ለመናገር ለሁሉም ሰው እኩል አይደለም። እይታቸው አስቀድሞ በጣም ለተጎዳ የስኳር ሕመምተኞች አፍሊበርሴፕት በመጀመሪያው ዓመት የተሻለ እንደሠራ ያው የ2015ቱ ጥናት አመልክቷል። ይሁንና በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ ጥናት ሁሉንም በርካሹ ጀምሮ፣ ያልተሻላቸውን ብቻ ወደ ውዱ ማዛወር በሁለት ዓመት ውስጥ ገና ከጅምሩ በውዱ ከታከሙት ጋር ተቀራራቢ ውጤት እንደሚያስገኝ አረጋግጧል። ለእንደ እኛ ላለ ድሃ ሀገር ከዚህ የበለጠ መልካም ዜና የለም። መንገዱ ተጠርጓል፤ የጎደለው በላዩ የሚራመድ መንግሥት ነው።

አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የቤቫሲዙማብ አንድ ብልቃጥ ለካንሰር ተብሎ የተዘጋጀ በመሆኑ 100 ሚሊግራም ይይዛል። ለአንድ ዓይን የሚያስፈልገው ግን 1.25 ሚሊግራም ብቻ ነው። በሒሳብ ደረጃ ከአንድ ብልቃጥ 80 ዓይን ይታከማል፤ በአሠራር የሚባክነው ቢቀነስ እንኳ ቁጥሩ ብዙ ነው። ርካሽነቱም የሚመጣው ከዚህ ነው። ነገር ግን ብልቃጡን ከጀርም በጸዳ ክፍል፣ በሠለጠነ ፋርማሲስት፣ በቁጥጥር ሥር መክፈል ግድ ይላል። በ2023 እ.ኤ.አ. በፓኪስታን የፑንጃብ ግዛት በአግባቡ ባልተከፋፈለ መድኃኒት ብዙ የስኳር ሕመምተኞች እይታቸውን አጥተዋል። ስለዚህ ርካሹን መድኃኒት የምንፈልገው ከቁጥጥር ጋር እንጂ ያለ ቁጥጥር አይደለም። አንዱን ብልቃጥ ለብዙ ሰው በንጽሕና የሚያከፋፍል ክፍል በሌለበት ከተማ የሚኖር ሕመምተኛ ወይ የሙሉውን ብልቃጥ ዋጋ ይሸከማል፣ ወይ ሌሎች ሕመምተኞች እስኪሰባሰቡ ይጠብቃል፣ ወይም ደግሞ ዓይኑን ለአደጋ ያጋልጣል። ሦስቱም ፍትሕ አይደሉም።

ሌሎች ሀገሮች እንዴት ከፈሉት?

ብዙዎቻችን በአሜሪካ ዘመድ አለን። በዚያ ዕድሜያቸው 65 ዓመት የሞላቸው ዜጎች በመንግሥቱ ሜዲኬር የተባለ መድን የታቀፉ ሲሆን፣ ለእንዲህ ዓይነቱ መርፌ መድኑ 80 በመቶውን ይሸፍናል። ቀሪው 20 በመቶ የታካሚው ድርሻ ነው። ከ2,000 ዶላር 20 በመቶው 400 ዶላር ነው፤ ይህም በየወሩ። ተጨማሪ መድን የሌለው ሰው ይህን ለመክፈል ወደ በጎ አድራጎት ድርጅቶች ፊቱን ያዞራል። በ2025 እ.ኤ.አ. ግን የእነዚህ የእርዳታ ቋቶች ገንዘብ በመጉደሉ ብዙ የዓይን ሕመምተኞች ድጋፉን አጥተው ሐኪሞቻቸው ወደ ርካሹ መድኃኒት እንዲያዛውሯቸው ተገድደዋል። ትምህርቱ ግልጽ ነው። በዓለም ሀብታም በሆነችው ሀገር እንኳ በእርዳታ ላይ የቆመ ሕክምና እርዳታው በደረቀ ቀን አብሮ ይደርቃል። እርዳታ መልካም ነገር ነው፤ መብት ግን አይደለም።

ከሀገራችን የሄዱ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በእስራኤል ደግሞ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የብሔራዊ ጤና መድን ሕግ እያንዳንዱ ነዋሪ በአንድ የጤና ድርጅት ውስጥ ታቅፏል። በዚያ ሐኪሙ በቅድሚያ በቤቫሲዙማብ ይጀምራል፤ ካልበቃ ወደ ሌላው ያዛውራል። ይህን የሚያደርጉት ገንዘብ ስላጡ አይደለም። ከሕዝብ መዋጮ የሚወጣን ገንዘብ ማባከን ሌላውን ታካሚ መንጠቅ መሆኑን ስለሚያውቁ ነው።

የእኛስ ሁኔታ?

ኢትዮጵያውያን መረዳዳትን ከማንም መማር አያስፈልገንም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» የሚለው የአባቶቻችን ብሂል የመድን ትርጉም ሁሉ የተጠቃለለበት ነው። እድር በየወሩ ጥቂት እያዋጡ ያልታሰበን ከባድ ወጪ አብሮ መሸከም ማለት ነው። ነገር ግን ሐቁን እንናገር፤ እድራችን ስንሞት ይደርሳል፣ ዓይናችን ሲጠፋ ግን ደንቡ አይፈቅድለትም፣ አቅሙም አይበቃም። ስለዚህ ሕመምተኛው ወደ ልመና ይወጣል። በየመንገዱ የተሰቀለውን የታማሚ ፎቶና የባንክ ሒሳብ ቁጥር፣ በየታክሲው የሚነበበውን የሐኪም ወረቀት፣ ውጭ ላለ ዘመድ የሚደረገውን የስልክ ጥሪ አስቡ። ሰው ለመታከም ክብሩን በአደባባይ መሸጥ የለበትም።

መንግሥት ይህን ችግር አያውቀውም አንልም። የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002 የወጣው በ2002 ዓ.ም. ነው። የመንግሥትም ሆነ የግል ድርጅት ደመወዝተኛና ጡረተኛው በዚህ መድን እንዲታቀፍ ታስቦ ነበር። በማስፈጸሚያ ደንቡ ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪውም 3 በመቶ እንዲያዋጣ ተወሰነ። ይሁን እንጂ አዋጁ ዐሥር ዓመት ከሞላው በኋላ እንኳ መዋጮው መሰብሰብ አልጀመረም ነበር። ሠራተኛው «ደመወዛችን ለወር አይበቃም፤ በዚያ ላይ የምንታከምበት ቦታ መድኃኒት የለውም፤ ለምኑ ነው የምናዋጣው?» ሲል ጠየቀ። ጥያቄው ተገቢ ነበር፤ የተሰጠው መልስ ግን ቀጠሮ ማራዘም ብቻ ሆነ። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ማለት ይኼው ነው።

በሌላ በኩል ለገበሬውና መደበኛ ባልሆነ ሥራ ለሚተዳደረው ሕዝብ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ ከዚያ ወዲህ ተስፋፍቷል። ይህ ጥሩ ሥራ ነው። ተቃዋሚ ስለሆንን ብቻ ጥሩውን ጥሩ አይደለም አንልም። መስፋፋቱ ድሃው ቢያንስ ደጁ ወዳለው ጤና ጣቢያ ያለ ፍርሃት እንዲሄድ አድርጓል። ጉድለቱ ግን ሁለት ነው። አንደኛው፣ የመድኑ ካርድ ዋጋ የሚኖረው የመንግሥት ጤና ተቋም መድኃኒቱን ሲይዝ ነው። «መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዛ» የሚል ወረቀት የተቀበለ የመድን አባል መዋጮውንም ከፍሎ መድኃኒቱንም ይገዛል፤ ሁለት ጊዜ ይከፍላል ማለት ነው። ሁለተኛው፣ የከተማው ደመወዝተኛ፣ መምህሩ፣ ነርሷ፣ የጥበቃ ሠራተኛውና ጡረተኛው በማኅበረሰብ አቀፉ መድን ውስጥ እንዲታቀፉ አልታሰበም፤ የእነርሱ ነው የተባለው ደግሞ ለዓመታት በወረቀት ላይ ቆየ። በመካከል የወደቀው የከተማ ነዋሪ ነው። የግል መድን ኩባንያዎች የሚሸጡት የጤና ዋስትናም አብዛኛውን ጊዜ በአሠሪ ድርጅት በኩል የሚገዛ፣ የዓመት ጣሪያ ያለውና ነባር በሽታን የማይጨምር በመሆኑ ለስኳር ሕመምተኛው ጡረተኛ አይደርስም።

ከዚህ የተነሳ በሀገራችን ለጤና ከሚወጣው ጠቅላላ ወጪ ሲሶ ገደማ የሚሆነው ከሕመምተኛው ኪስ በቀጥታ የሚወጣ መሆኑን በ2009 ዓ.ም. ላይ የተሠራው ብሔራዊ የጤና ሒሳብ አሳይቷል። ከዚያ በኋላ ደግሞ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ ይመነዘር የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። የዓይን መርፌው ከውጭ የሚመጣ ነው። የመምህርቷ ጡረታ ግን በዶላር አይታሰብም። ፖሊሲ ሲወጣ ማን እንደሚጎዳ አስቀድሞ ያልታሰበለት ሰው እርሷ ነች።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 4 መንግሥት ለጤና፣ ለትምህርትና ለሌሎች ማኅበራዊ አገልግሎቶች በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ ግዴታ ጥሎበታል። የአፍሪካ መሪዎችም በ2001 እ.ኤ.አ. አቡጃ ላይ ተሰብስበው ከበጀታቸው 15 በመቶውን ለጤና ለመመደብ ቃል ገብተዋል። ሕጉም ቃሉም አለ፤ የጠፋው ተጠያቂነት ነው።

ፓርቲያችን ምን ያደርጋል?

ፓርቲያችን ከመራጩ ሕዝብ አመኔታ ካገኘ የሚከተሉትን ይፈጽማል።

1. የማኅበራዊ ጤና መድንን በደረጃ እንጀምራለን። ከመዋጮ በፊት መድኃኒት ይቀድማል። በአንድ ከተማ መዋጮ መሰብሰብ የሚጀመረው በዚያ ከተማ ያሉት የመንግሥት ሆስፒታሎች የመሠረታዊ መድኃኒቶችን አቅርቦት ማሟላታቸው በገለልተኛ አካል ሲረጋገጥ ይሆናል። ዝቅተኛ ደመወዝተኛና ጡረተኛ የሚከፍለው መዋጮ ከከፍተኛ ደመወዝተኛው በመቶኛም ያነሰ እንዲሆን አዋጁና ደንቡ ይሻሻላሉ።

2. የዓይን መርፌ በመድኑ ጥቅል ውስጥ በግልጽ ይጻፋል። በቤቫሲዙማብ ይጀመራል፤ ሐኪሙ አልበቃም ብሎ በጽሑፍ ሲያረጋግጥ ወደ ሌላው መድኃኒት ይዛወራል። በደንቡ ከጥቅሉ የተገለለው መነጽርም ቢያንስ ለተማሪዎችና ለአረጋውያን እንዲካተት እናደርጋለን።

3. መድኃኒቱ በጅምላ ይገዛል። በኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት በኩል ለሁሉም የመንግሥት ሆስፒታሎች በአንድ ጨረታ እንዲገዛና የውጭ ምንዛሪ ቅድሚያ እንዲሰጠው እናደርጋለን። አንድ ሕመምተኛ በግሉ ከሚደራደር ሀገር ስትደራደር ዋጋ እንደሚወርድ ማንም ነጋዴ ያውቀዋል። የጨረታው ዋጋም በይፋ ይለጠፋል።

4. ብልቃጡ በንጽሕና ይከፈላል። የዓይን ስፔሻሊስት ሥልጠና በሚሰጡ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች ከጀርም የጸዳ የመድኃኒት ማዘጋጃ ክፍል ይቋቋማል። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በየጊዜው ይመረምራቸዋል። ከእነዚህ ማዕከላት የተዘጋጀው መርፌ በቅዝቃዜ ሰንሰለት ወደ አካባቢው ሆስፒታሎች ይላካል።

5. ሳይቃጠል በቅጠል። ውድ መርፌ ላይ የሚደረሰው አብዛኛውን ጊዜ ምርመራ ሲዘገይ ነው። የስኳር ሕመምተኛ ሁሉ በዓመት አንድ ጊዜ ዓይኑን በነጻ እንዲታይ እናደርጋለን። የዓይን መረብን ፎቶ የሚያነሳ መሣሪያ በከተማ ጤና ጣቢያዎች ተቀምጦ የሠለጠነ ነርስ ፎቶውን ያነሳል፤ ስፔሻሊስቱ ካለበት ሆኖ ያነብበዋል። በሌዘር ሊታከም የሚችለው በጊዜው በሌዘር ይታከማል።

6. ለድሃው የእርዳታ ቋት በሕግ ይቋቋማል። መዋጮ መክፈል የማይችል ዜጋ ከቀበሌ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ክፍለ ከተማ የድህነት ማስረጃ ሲያጻፍ ቀጠሮው ማለፍ የለበትም። ሆስፒታሉ ራሱ በማኅበራዊ ሠራተኛ አማካይነት በዚያው ቀን ይወስናል፤ ማጣራቱ ከሕክምናው በኋላ ይደረጋል። የድጋፉ መስፈርት የፓርቲ አባልነት ወይም የካድሬ ድጋፍ ደብዳቤ ሳይሆን ሕመምና ድህነት ብቻ ይሆናል።

ገንዘቡስ ከየት ይመጣል?

ይህን የሚጠይቅ መራጭ ትክክለኛ መራጭ ነው። ቃል የሚገባ ፓርቲ ሁሉ ምንጩን መናገር አለበት።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በለስላሳ መጠጥ፣ በአልኮልና በሲጋራ ላይ ታክስ ይጥላል። ከዚህ ገቢ የተወሰነ ድርሻ በሕግ ተለይቶ ወደ ጤና መድን ቋት እንዲገባ እናደርጋለን። ስኳር ያለበትን መጠጥ ከሸጠው ንግድ የሚገኝ ገንዘብ ስኳር ያፈሰሰውን ዓይን ቢያክም አግባብ ነው ብለን እናምናለን። ሁለተኛው ምንጭ ለጤና የሚመደበውን በጀት በየዓመቱ ወደ አቡጃው ቃል እያቀረቡ መሄድ ነው። 15 በመቶ በአንድ ዓመት እንደርሳለን ብለን አንዋሽም፤ በየዓመቱ ምን ያህል እንደጨመርን ግን ለምክር ቤቱ በግልጽ እናቀርባለን። ሦስተኛው ምንጭ ቁጠባ ነው። ለአንድ መርፌ የአርባ እጥፍ ልዩነት በታየበት ገበያ ውስጥ ትክክለኛውን መድኃኒት መምረጥ ራሱ ትልቅ ገቢ ነው።

«በትራኮማና በዓይን ሞራ ስንት ሰው እየታወረ ስለ ውድ መርፌ ታወራላችሁ ወይ?» የሚሉንም አሉ። ክርክሩን እናከብረዋለን። በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው ብሔራዊ ጥናት ከሕዝባችን 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር መሆኑን፣ ከዚህም ግማሽ ያህሉ በዓይን ሞራ ግርዶሽ ምክንያት መሆኑን አሳይቷል። የዓይን ሞራ በአንድ ቀዶ ሕክምና ይድናል። ስለዚህ ፓርቲያችን ለዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምናና ለትራኮማ መከላከል ቅድሚያ ይሰጣል፤ ይህ በጤና ምዕራፋችን ተጽፏል። ነገር ግን የገጠሩን ዓይን ለማዳን የከተማውን ዓይን መተው አይገባም። የስኳር በሽታ የሚያጠቃው ብዙውን ጊዜ ሠርቶ ቤተሰብ በሚያስተዳድርበት ዕድሜ ላይ ያለውን ሰው ነው። አንድ ሾፌር፣ አንዲት ልብስ ሰፊ፣ አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ዓይኑን ሲያጣ የሚጨልመው የአንድ ሰው ቀን ብቻ አይደለም። ልጁ ትምህርቱን አቋርጦ መሪው ይሆናል፤ ሚስቱ ሥራዋን ትታ አስታማሚ ትሆናለች። ያልተሰጠው መርፌ ዋጋ በቤተሰቡ ሁሉ ላይ ይከፈላል።

የተከበራችሁ መራጮች፣

በመጪው ምርጫ የሁሉም ፓርቲ ዕጩዎች ወደ ሰፈራችሁ ይመጣሉ። የእኛንም ጨምሮ ሁሉንም አንድ ጥያቄ ጠይቁልን። «እናቴ በየወሩ የዓይን መርፌ ቢያስፈልጋት ማን ይከፍላል? ከየት አምጥቶ? ከመቼ ጀምሮ?» በሉ። «መንግሥት እያሰበበት ነው» ያላችሁን እለፉት፤ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ሲታሰብ ነበርና። «ሁሉንም በነጻ እሰጣለሁ» ያላችሁንም ጠርጥሩት። ምንጩን፣ ቅደም ተከተሉንና ጊዜውን የነገራችሁን ግን ስሙት፤ ቃሉንም ጽፋችሁ ያዙት፤ በአምስት ዓመቱ ተመልሶ ሲመጣ በዚያው ወረቀት ጠይቁት። እኛም በዚህ ጽሑፍ ላይ የሰፈሩትን ስድስት ነጥቦች በዚሁ መንገድ እንድትጠይቁን ፈርመን አስረክበናችኋል።

ያቺ መምህርት ፊደል ያስቆጠረችው ለዚህ ሀገር ልጆች ነው። ዛሬ ሐኪም የሆነው፣ ሚኒስትር የሆነው፣ ይህን ጽሑፍ የጻፈውም ሆነ የሚያነብበው በእርሷና በመሰሎቿ እጅ ያለፈ ነው። የተማረ ሀገር የአስተማሪውን ዓይን ሲጠፋ ቆሞ አያይም።

ድምፅዎን ለጤና ፍትሕ ይስጡ!